ልጄ የጓደኛውን ጥምጣም አወለቀበት፤ ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከኬንት፣ ዋሽንግተን ስቴት ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት በዕረፍት ሰዓት፣ አብሮት የሚማር አንድ የህንድ ልጅ ራሱ ላይ የሚያስራትን ጨርቅ ጎትቶ አወለቀበት። የልጁ ፀጉር ተፈትቶ ጀርባው ላይ ወረደ። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። ልጁ አልቅሶ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ትምህርት ቤቱ ጠራኝ፤ ርዕሰ መምህሯም ነገሩን በጣም አክብዳ ነው ያናገረችኝ። ልጄ ‹ልጫወት ብዬ ነው› ይላል። ባለቤቴ ‹ጨርቅ ነው፣ ምን ያካብዳሉ፤ እኛ ስንቱን ተጎነታትለን አይደል ያደግነው› ብሎ ዘጋው። እውነቱን ለመናገር እኛም ቤት ውስጥ ጎረቤቶቻችንን ‹ጥምጣሞቹ› እያልን ነው የምንጠራቸው። ደግሞ ባለቤቴ ሥራ ቦታ ሲክ ነኝ የሚል ጓደኛ አለው። ፀጉሩን ተቆርጦ ኮፍያ ነው የሚያደርገው። ‹ግዴታ ቢሆን እሱስ አያስርም ነበር?› ይለኛል። ይቅርታ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ግን ምን እንደተነካ ሳላውቅ ምን ብዬ? ሙስሊም ናቸው? ሂንዱ ናቸው? ምን ይዤ ልሂድ? እኛ ኦርቶዶክሶች ነን። የቸገራት እናት።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረችው «ምን እንደተነካ ሳላውቅ ምን ብዬ?» ያልሻት ናት። ብዙ ሰው ይቺን አይጠይቅም። «ሶሪ» ይላል፣ ቸኮሌት ይሰጣል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ምክሩን ለኋላ ላቆየውና መጀመሪያ የተነካውን ነገር ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አንዷን ብቻ ግን ከአሁኑ፦ ነገ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ደውይ። የወላጆቹን ስልክ አይሰጡሽም። ነገር ግን «ፈቃደኛ ከሆኑ ልናገኛቸው እንፈልጋለን» የሚል መልእክት ያደርሱልሻል። አንድ ሳምንት አልፏል፤ ከዚህ በላይ ዝም ካላችሁ እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሙስሊምም ሂንዱም አይደሉም። የሲክ እምነት ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው። የተነሣው ፑንጃብ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ህንድና ፓኪስታን ለሁለት የተካፈሉት አገር ማለት ነው። መሥራቹ ጉሩ ናናክ (ጉሩ ማለት መንፈሳዊ መምህር ነው) የተወለዱት በ1469 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሲኮች በአንድ አምላክ ያምናሉ። ለምስል አይሰግዱም። ሰውን በትውልዱ የበላይና የበታች አድርጎ የሚመድበውን የህንድ ሥርዓት ጉሩዎቻቸው አጥብቀው ተቃውመዋል። ከናናክ በኋላ ዘጠኝ ጉሩዎች ተከታተሉ። የመጨረሻው፣ ዐሥረኛው፣ በ1708 ሲያርፉ ጉሩነቱ ወደ ቅዱስ መጽሐፋቸው ተላለፈ። እስከ ዛሬ ጉሯቸው መጽሐፉ ነው።

አሁን ራሱ ላይ ወዳለው ጨርቅ እንምጣ። ለሲኮች መጀመሪያ የሚመጣው ፀጉሩ ነው። ሰውነት የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ፀጉርም የዚያው አካል ነው፤ ስለዚህ እንደተሰጠ ይኖራል። ከራስም ከጢምም አይቆረጥም። ይህ ለፈጣሪ ፈቃድ የመገዛት ምልክታቸው ነው። ታዲያ ወገብ የደረሰ ፀጉር ዝም ብሎ አይተውም። በየቀኑ ይበጠራል፣ አናት ላይ ይቋጠራል፣ ከዚያ በክብር ይሸፈናል። ያ መሸፈኛ ነው ጥምጣሙ። ዳስታር ይሉታል፤ ፓግሪም ይሉታል።

ይህ ነገር ሕግ ሆኖ የጸናበት ቀን አለው። ጊዜው 1699 ነው። ቦታው አናንድፑር። ቀኑ ቫይሳኪ የሚባለው የፀደይ የመኸር በዓል። ዐሥረኛው ጉሩ፣ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ፣ ያን ጊዜ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። አባታቸው ጉሩ ቴግ ባሃዱር በ1675 ዴልሂ ላይ፣ ያን ጊዜ ህንድን ይገዛ በነበረው በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በኦራንግዜብ ዘመን፣ አንገታቸው ተቀልቷል። ልጁ ያኔ ወደ ዘጠኝ ዓመት የተጠጉ ሕፃን ነበሩ፤ ከልጅሽ ብዙም አይበልጡም። የሲኮች ትውፊት እንደሚተርከው አባትየው የተገደሉ ዕለት ብዙ ተከታዮቻቸው በሕዝቡ መሀል ተሸሸጉ። ማንም ሲክ መሆናቸውን ለይቶ ሊያውቅ አልቻለም።

እና በዚያ በዓል ቀን ጉሩ ጎቢንድ ሰይፍ መዝዘው ሕዝቡ ፊት ቆሙ ይላል ትውፊቱ። ራሱን፣ ጭንቅላቱን ማለት ነው፣ የሚሰጥ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ሰዉ ተንጫጫ፣ ፈራ። በመጨረሻ አንዱ ተነሣ። ወደ ድንኳን ይዘውት ገቡ። ሲወጡ ሰይፉ ደም ነክቶታል። ሌላ ራስ ጠየቁ። እንዲህ እያለ አምስት ሰው ገባ። ከዚያ የድንኳኑ መጋረጃ ሲገለጥ አምስቱም በሕይወት አሉ፤ አዲስ ልብስ ለብሰው ጥምጣም አስረው ቆመዋል። የተፈተነው እምነታቸው ነበር። ካልሳ የሚባለው የቃል ኪዳን ማኅበር በእነሱ ጀመረ። ከአምስቱ አንዱ ውኃ ቀጂ ነበር። አንዱ ጨርቅ አታሚ። አንዱ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ። (ፀጉር ላለመቁረጥ ከማሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የፀጉር አስተካካይ መሆኑ እኔን ሁሌ ፈገግ ያሰኘኛል።) ከዚያ የሚገርመው ነገር ጉሩ ራሳቸው በእነዚያው በአምስቱ ፊት ተንበርክከው ከእነሱ እጅ መጠመቃቸው ነው።

ወደ ካልሳ የገባ ሰው አምስት ነገሮችን ከሰውነቱ አይለይም። ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ ልዩ አሰፋፍ ያለው የውስጥ ቁምጣ እና ኪርፓን የሚባለው አጭር ሰይፍ። አምባሩን ልጅሽ አይቶት ይሆናል፤ ትንንሽ ልጆችም ያደርጉታል። ጥምጣሙ ከአምስቱ ዝርዝር ውስጥ በስሙ አልተጠቀሰም። ግን የመጀመሪያው፣ የፀጉሩ፣ ጠባቂ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። በ1945 የጸደቀው የሲኮች የምግባር ደንብም ለወንድ ግዴታ ያደርገዋል። ለሴት በፈቃዷ ነው። ጥምጣም የሚያስሩ የሲክ ሴቶችን ብታዪ እንዳይገርምሽ።

በዚያ ዘመን ህንድ ውስጥ ያማረ ጥምጣም የመሳፍንትና የባለሥልጣን ማዕረግ ነበር። ተራው ሰው፣ ውኃ ቀጂው፣ ያን ክብር ሊሻ አይችልም። ጉሩው ለሁሉም ሰጡት። ወንዱን ሁሉ ሲንግ፣ ሴቷን ሁሉ ካውር ብለው ሰየሙ፤ የትውልድ ደረጃን የሚያሳብቀው ስም ቀረ። ሲኮች ጥምጣማቸውን ዘውድ የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው።

ሌላው ትርጉሙ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው፣ አለመደበቅ ነው። ሲክ ከሺህ ሰው መሀል ከሩቅ እንዲለይ ተፈለገ። የሚያጠቃው ጠላት ይለየዋል። ግን እርዳታ የሚፈልግ ሰውም ይለየዋል። ሲክ ከበደል ጋር ፊት ለፊት እንዲቆም፣ ደካማውን እንዲጠብቅ ቃል ገብቷል፤ ያን ቃል ራሱ ላይ ተሸክሞ እየዞረ እንዴት ዞር ብሎ ያልፋል?

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፑንጃብ ዋና ከተማ የነበረችው የላሆር ገዢዎች በሲኮች ራስ ላይ የገንዘብ ሽልማት አውጥተው ነበር። በ1745 ባይ ታሩ ሲንግ የሚባል ሰው ተያዘ። ፀጉርህን ተቆረጥና እምነትህን ለውጥ ተባለ። እምቢ አለ። ፀጉሩን ከነራስ ቆዳው ገሸለጡት ይላል ታሪካቸው። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። ሲኮች በየቀኑ በሚያደርሱት ጸሎት ውስጥ የራስ ቆዳቸውን ሰጥተው እምነታቸውን ያልሰጡ ሰዎች ይታወሳሉ። ያ የልጅሽ የክፍል ጓደኛ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየሰማ ነው ያደገው። አሁን እንግዲህ የዕረፍት ሰዓቱን ነገር በእሱ ዓይን እዪው።

ባልሽ «ጨርቅ ነው» ብሏል። ልክ ነው፤ ጨርቅ ነው። አምስት ስድስት ሜትር የሚሆን ስስ ጥጥ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ይወጥረዋል፣ በቁመቱ ያጣጥፈዋል። ባልና ሚስት ወይም አባትና ልጅ ሆነው ነው የሚይዙት። ብቻውን የሚኖር ሰው አንዱን ጫፍ የበር እጀታ ላይ ያስረዋል። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ዙር በዙር ይጠመጥማል። የወጡ ጥቃቅን ፀጉሮችን በቀጭን የብረት ወስፌ ወደ ውስጥ ያስገባል። እንደ ኮፍያ አንስተሽ የምትጭኚው ዕቃ አይደለም፤ በየዕለቱ እንደገና የሚታሰር ነው። ቀለሙ የፈለገውን ቢሆን ችግር የለም። ሰማያዊና ብርቱካናማ ከካልሳ ጋር ይያያዛሉ፣ ነጩን አዛውንቶች ያዘወትሩታል፣ ለሠርግ ቀይና ሮዝ ይወዳሉ። ብዙው ሰው ግን ከሸሚዙ ጋር የሚሄደውን ነው የሚመርጠው።

ልጅሽ የጎተታት ትንሿ ጨርቅ ፓትካ ትባላለች። ለልጆች ናት። አናት ላይ የተቋጠረውን ፀጉር ትሸፍንና ከኋላ ትታሰራለች። እናት ወይም አባት ጠዋት ልጁን ፊታቸው አስቀምጠው፣ ፀጉሩን አበጥረው፣ ቋጥረው ነው የሚያስሩለት። ከፍ ሲል ዳስታር ባንዲ የሚባል ሥነ ሥርዓት ይደረግለታል። ቅዱስ መጽሐፉ ባለበት፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ የመጀመሪያ ሙሉ ጥምጣሙ ይታሰርለታል። አባት ሲሞት ደግሞ ለበኩር ልጁ በዘመድ ፊት ጥምጣም ይሰጠዋል፤ የቤቱ ኃላፊነት ወደ አንተ መጣ ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ጥምጣም ከተለዋወጡም ወንድማማች ሆኑ ይባላል። የሰውን ጥምጣም በአደባባይ ማውለቅ ታዲያ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ከዚህ መገመት ትችያለሽ።

አሁንም ባልሽ ካልተዋጠለት እንዲህ በይው። ልጃችሁ ማተብ አስሮ ይሆናል። አንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ ማተቡን በጥሶ፣ እያሳቀ ቢወረውረው «ክር ነው» ይል ነበር? እኛ ሰው «በማተቤ» ብሎ ሲምል የምናምን ሕዝብ ነን። «ማተብ የለውም» ማለት ምን ዓይነት ስድብ እንደሆነ እሱም ያውቃል። እንዲያውም ማተብ ቢበጠስ ከሸሚዝ ሥር ነው፤ ሌላ ይታሰራል፣ ማንም አያይም። የዚያ ልጅ ፀጉር ግን ከቤተሰቡ ውጭ ሰው አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ልጆች እየሳቁ ነው የተፈታው።

«ግዴታ ቢሆን እሱስ አያስርም ነበር?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እኛ ውስጥስ የማይጾም የለም? ጾሙ ግን ጾም ነው። ብዙ ሲኮች ፀጉራቸውን ይቆረጣሉ። ምክንያታቸው ይለያያል፤ አንዳንዱ ስላልፈለገ ነው፣ አንዳንዱ ስለፈራ። በ1984 የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ከተገደሉ በኋላ ዴልሂ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲኮች ተጨፍጭፈዋል። ነፍሳቸውን ለማትረፍ ፀጉራቸውን የቆረጡ ነበሩ። ወደ አሜሪካ ቀድመው ከመጡትም ሥራ ለማግኘት ብለው የተቆረጡ አሉ። የባልሽ ጓደኛ ለምን እንደተቆረጠ እኔ አላውቅም። ባልሽም ጠይቆት ያውቃል ብዬ አልገምትም። ብቻ የእሱን ኮፍያ በሌላ ሰው ልጅ ላይ ማስረጃ አድርጎ ማቅረቡ አያስኬድም።

ርዕሰ መምህሯ ለምን እንደከበዳት ለመረዳት ደግሞ የምትኖሪበትን አካባቢ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። ከእናንተ በስተሰሜን ቤሊንግሃም የምትባል ከተማ አለች። በ1907 መስከረም ወር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጮች በእንጨት መሰንጠቂያ የሚሠሩ የህንድ ሠራተኞችን ከየመኝታቸው እያወጡ ደብድበው ከከተማው አባረሯቸው። አብዛኞቹ ሲኮች ነበሩ። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ፣ በ2001 መስከረም 15 ቀን፣ አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባል የነዳጅ ማደያ ባለቤት በጥምጣሙ ምክንያት አረብ ነው ተብሎ ተገደለ። (አረብ ወይም ሙስሊም ቢሆንስ? ግድያው ያው ነው።) በ2012 ዊስኮንሲን ውስጥ ኦክ ክሪክ በሚገኘው ቤተ አምልኳቸው አንድ ታጣቂ ገብቶ ምእመናንን ገደለ። በ2017 ደግሞ እዚያው ኬንት፣ አንቺ በምትኖሪበት ከተማ፣ አንድ የሲክ ሰው በራሱ ደጃፍ መኪናውን ሲነካካ «ወደ አገርህ ሂድ» ተብሎ ተተኮሰበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም።

ስለዚህ የልጁ ወላጆች በዚያ ቀን የሰሙት «ልጆች ሲጫወቱ» የሚል ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን የዋለ የሲክ ልጅ ቤቱ ገብቶ «ፀጉሬን ቁረጡልኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። እናቱ ምን ብላ እንደመለሰችለት አስቢ።

ትምህርት ቤቱም ዝም ብሎ አላካበደም። በዋሽንግተን ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቶች ማዋከብንና ማስፈራራትን የሚከለክል ደንብ አላቸው፤ በሃይማኖት ላይ ያነጣጠረም ይገባበታል። ለስብሰባ ከጠሩሽ ለመከራከር አትሂጂ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በአማርኛ የሚያስተረጉም ሰው እንዲያመጡልሽ ጠይቂ፤ ያለክፍያ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ልጅሽ በፍጹም እንዳያስተረጉምልሽ። የራሱን ጥፋት ራሱ ሲተረጉም አስቢው እስቲ።

አሁን ይቅርታው። መጀመሪያ ልጅሽን አስቀምጠሽ አናግሪው። ዱላ የለም፣ ጩኸትም የለም። የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ክፋት አስቦ አደረገው ብዬ አላምንም። የአምስቱን ሰዎች ታሪክ ንገሪው። ልጆች እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳሉ፤ ሰይፍ አለበት፣ ድንኳን አለበት። የገሸለጡትን ሰውዬ ግን ለጊዜው ተዪው። ከዚያ እሱ ራሱ ምን እንደሚል ይንገርሽ። በራሱ ቃል ቢሆን ይሻላል፤ ይዘቱ ግን ወደዚህ ይምጣ፦ «ፓትካህን ስለጎተትኩ ይቅርታ። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቃለሁ። ሌላ ልጅ ሲያደርገው ካየሁ አቁም እለዋለሁ።» የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር አትተዪአት። ለዚያ ልጅ ከይቅርታው በላይ የምትጠቅመው እሷ ናት።

ይቅርታው በክፍሉ ሁሉ ፊት አይሁን። ልጁ አንድ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆሟል፤ ይበቃዋል። ፊት ለፊት መገናኘት ካልፈለገም አታስገድዱት። ልጅሽ ይጻፍለት ወይም ስዕል ይሳልለት። ይቅር ማለት ደግሞ የእሱ ፋንታ ነው። ዛሬውኑ «ጓደኛ ሁኑ» ብላችሁ አታስጨብጧቸው።

ለወላጆቹ አንቺ የምትዪው ከዚህ አይርዘም፦ «ልጄ ልጃችሁን አዋርዶታል። ልጅ ነው ብዬ አላቃልለውም። ምን እንደነካ አስረድቼዋለሁ። እናንተ የምትሉትን ደግሞ ለመስማት ነው የመጣሁት።» ከዚያ ዝም በዪ። ቢቆጡ ይቆጡ። «እኛም እኮ እዚህ አገር ብዙ ደርሶብናል» ብለሽ አትጀምሪ። እውነት ነው፣ ግን የዛሬው ቀን የእነሱ ነው። የልጁን ፀጉር ለማየትም ሆነ ጥምጣም ለመንካት አትጠይቂ፣ በመልካም ልብም ቢሆን። ልጅሽ ጥምጣም መሞከር ቢያምረው እነሱ ራሳቸው ጋብዘው ካላሰሩለት በስተቀር ይቅር።

ባልሽ አብሮሽ ቢሄድ ጥሩ ነው። አልሄድም ካለ ጎትተሽ አትውሰጂው፤ ፊቱን አኮሳትሮ የሚቀመጥ ሰው ይቅርታውን ያበላሸዋል። ግን ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይቀየር። ጎረቤቶቻችሁን «ጥምጣሞቹ» እያላችሁ እንደምትጠሩ ሳትደብቂ ጽፈሻል። ልጅሽ የሰውን ጥምጣም መቀለጃ አድርጎ ያየው ከየት ተምሮ ነው ትያለሽ? እኔ ሜዳው ላይ ነው የጀመረው አልልም። ጎረቤት ስም አለው። የማታውቁት ከሆነ ጠይቁትና በስሙ ጥሩት። አንድ ነገር ደግሞ ለባልሽ ንገሪው፦ በ1941 ከረን ላይ ጣሊያንን ከሰበረው ጦር ውስጥ የሲክ ወታደሮች ነበሩበት። እዚያ ተራራ ላይ የወጡት ጥምጣማቸውን አስረው ነው። ታሪክ የሚወድ ሰው ከሆነ እዚያ ጋ ጆሮውን ይሰጥሻል።

«ምን ይዤ ልሂድ?» ብለሽ ነበር። ፍራፍሬ ይበቃል። ጠጅ እንዳትወስጂ! አልኮልና ትምባሆ ለካልሳ ሰዎች ክልክል ነው። ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም፣ እንቁላልም የማይነኩ አሉ፤ ስለዚህ ኬክ ከመግዛትሽ በፊት አስቢበት። ኋላ ነገሩ ሲበርድ ለቡና ብትጠሪያቸው ደስ ይላቸዋል። ፈንዲሻውም ዕጣኑም ችግር የለውም።

እነሱም ወደ ቤተ አምልኳቸው፣ ወደ ጉርድዋራ፣ ሊጋብዙሽ ይችላሉ፤ በአቅራቢያሽ ሬንተን ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ማንም ሰው በማንኛውም እምነት ይገባል። ጫማ ይወልቃል፣ ወንድም ሴትም ራሱን ይሸፍናል። ነጠላሽ ይበቃል፤ ለባልሽና ለልጅሽ በር ላይ መሸፈኛ ያገኛሉ። ሲጋራ ኪስ ውስጥ እንኳ ይዞ መግባት ነውር ነው። አዳራሹ ውስጥ በእጅ የሚታደል ለስላሳ ጣፋጭ አለ፤ ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅቤ ይሠራል፣ ተጸልዮበትም ነው የሚሰጠው። አንቺ ኦርቶዶክስ ስለሆንሽ መቀበል ይገባኛል አይገባኝም የሚለውን ንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። ላለመቀበል ከወሰንሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ራስሽን ዝቅ በማድረግ አመስግኚ፤ አብዛኞቹ ይረዱሻል። ከዚያ በኋላ ላንጋር የሚባለው ነፃ ማዕድ አለ። ሀብታምም ድሃም መሬት ላይ እኩል ተቀምጦ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላል። ምግቡ ሥጋ የለበትም። ግን ጾም ላይ ከሆናችሁ ተጠንቀቂ፤ እርጎና ወተት ያለበት ነገር ይቀርባል፣ ምስሩም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚቁላላው። ከመቀበልሽ በፊት የቱ በዘይት እንደተሠራ ጠይቂያቸው፤ ይነግሩሻል።